የእናቴ ምራቅና የወንድሜ ሠርግ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እናቴ ግን ዛሬም የምትኖረው ከቡሬ ወጣ ብላ፣ እኔና ወንድሜ በተወለድንበት ቀበሌ ነው። የወንድሜ ጋብቻ ተቆርጦ ድግሱ ሲታሰብ፣ አብራኝ ዩኒቨርሲቲ የተማረች ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ጥናት ይዛ ነበርና ከገጠር እናቶች ምራቅ መሰብሰብ ፈለገች።

«ምራቅ ብቻ?» አልኋት።

«ምራቅ ብቻ። እናቶቹን ግን አንቺ አስረጅልኝ።»

እኛ አገር ምራቅ ተራ ነገር አይደለም። ሽማግሌ የሚመርቀው እንትፍ እንትፍ ብሎ ነው፤ ሰው የጠላውን የሚያዋርደውም እንትፍ ብሎ ነው። ሳይመርቁ፣ ሳይረግሙ፣ እንዲያው በብልቃጥ ውስጥ መትፋት የቱ ጋ ይመደባል? እናቴ ብልቃጡን አገላብጣ አየችው።

«ማንን ልመርቅ ነው?»

«ማንንም አይደል እማ። ዝም ብለሽ ትፊ።»

«ዝም ብሎማ የሚተፋ እባብ ነው።»

መጨረሻ ላይ ጓደኛዬን ልትመርቃት ተስማማች። «እንትፍ! ወልደሽ ሳሚ። እንትፍ! ክፉ አይይሽ።» ጓደኛዬም አሜን እያለች ብልቃጡን ከእናቴ አገጭ ሥር ይዛ ትከተላታለች። እናቴ ስትመርቅ ራሷን ግራና ቀኝ ስለምታወዛውዝ ግማሹ ምርቃት መሬት ላይ ቀረ።

በዚያ ቀን የሙሽራዋ እናት ስለ ድግሱ ልትነጋገር ከጅጋ መጥታ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ብቻዋን ቀጥ አድርጋ ያስተዳደረች፣ ከማንም ማነስ የማትወድ ሴት ናት። «እኔስ ምን ጎደለኝ?» አለችና ብልቃጥ ተቀብላ ተፋች። እሷ እንኳ አልመረቀችም፤ እንደታዘዘችው ሞላችው።

ጊዜው ነጎደና ሚያዝያ ተቃረበ። የሠርጉ በሬ ተገዛ፣ ጠላው ተጠነሰሰ። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ጓደኛዬ ደወለች። 

«የእናትሽ ሐረግ ብርቅ ነው! እንዲህ ያለው የእናት ሐረግ እስካሁን የተገኘው በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው። ጥቂቱ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ጥቂቱ አንድ ሩቅ ደሴት ላይ። ከዚህ ተነሥቶ ወደዚያ ይሂድ፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደዚህ ይምጣ ገና አልታወቀም።» «ደግሞ ያቺ የጅጋዋ እናትም ያው ሐረግ ናት።»

ደስ አለኝ። ማታውኑ ለእናቴ በስልክ ነገርኋት። ይህ ነገር ከእናት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ፣ ወንድ ልጅም ቢወርሰው ለልጆቹ እንደማያወርሰው፣ ሴቷ ብቻ እንደምታስቀጥለው አስረዳኋት። 

«እነዚያ የደሴቱ ሰዎች ታዲያ ዘመዶቻችን ናቸው?» አለች።

«በጣም የራቁ።»

«ቢርቁም ዘመድ ናቸው። ለሠርጉ ካልጠራናቸው ቅሬታ ነው። ስንት ናቸው? ጠላው እንዲበቃ ነው።»

አላውቅም አልኋት። ስልኩን እንደዘጋች ወሬው አገር ለአገር ዞረና ከእናቴ ወንድም ዘንድ ደረሰ። አጎቴ ጠንቃቃ ሰው ነው። ስለ ደሴቱ አልጠየቀም። «የሙሽራው እናትና የሙሽራዋ እናት ከአንድ ሐረግ ከመጡ፣ ልጆቹ ዘመድ ናቸው ማለት አይደለም ወይ?» አለ። እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ለሠርጉ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴ ግቢ ውስጥ ተሰበሰብን። የነፍስ አባታችን አሉ፣ አጎቴ አለ፣ የሙሽራዋ እናት ከጅጋ መጥታለች። ወንድሜ አጥር ጥግ ቆሞ የአካሲያ ቅጠል ይቀነጥሳል። ሰባት ቤት ሳይራራቁ መጋባት እኛ ዘንድ ነውርም ኃጢአትም ነው።

«እንግዲህ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ» አለኝ አጎቴ። «ስንት ቤት ላይ ነው የሚገናኙት?»

«አይታወቅም አጎቴ። መቶ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።»

«ሊያንስስ?»

«ሊያንስም ይችላል።»

«እስከ ስንት?»

መዋሸት አልፈለግሁም። «እስከ ሦስትም ሊደርስ ይችላል» አልሁ።

«መቶ ከሆነ ድግስ ነው፤ ሦስት ከሆነ ጉድ ነው። ታዲያ ዳሱን እንትከል ወይስ እንንቀል?»

የነፍስ አባታችን ጺማቸውን ዳበሱ። «ወደ ኋላ ስንቆጥር አንድ ቦታ ካልቆምን ሁላችን ሔዋን ላይ እንገናኛለን። ያን ጊዜ ያገባ ሁሉ እኅቱን አግብቷል ማለት ነው። ሰባት ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው፤ ቁጠሩ።»

ቆጠራው ተጀመረ። እናቴ የአባቷን ወገን እስከ ዐሥረኛው ድረስ እንደ ዳዊት አንበለበለችው። በእናቶች በኩል ግን «እናቴ፣ የእናቴ እናት፣ የእሷም እናት» አለችና ቆመች። የሙሽራዋም እናት እዚያው ሦስተኛዋ ላይ ቆመች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ያን ጊዜ እኔም ራሴን ብጠይቅ ከእነሱ የምበልጠው በአንድ ብቻ ነበር፤ እናቴን ስለምጨምር።

በማግስቱ አንዲት አሮጊት በጋሪ አስመጣን። ከቡሬ እስከ ጅጋ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ከማን እንደኮበለለ ያውቃሉ የሚባሉ ናቸው። መጀመሪያ የሙሽራዋን ወገን ጀመሩና ያለ ችግር ሰባት አደረሱት። ቀጥለው ወደ እኛ ዞሩ።

«አንደኛዋ ያንቺ እናት» አሉ እናቴን እያዩ። «ሁለተኛዋ፣ ሚዜውን ወድዳ ሙሽራውን ያገባችው። ሦስተኛዋ፣ ባሏን ከበቅሎ ገፍትራ የጣለችው። አራተኛዋ ከአገው ምድር መጣች፤ አማርኛ የለመደችው ለመሳደብ ነው። አምስተኛዋ ቆንጆ ነበረች ይባላል። ከሞቱማ ማን አስቀያሚ አለ?»

«ስድስተኛዋስ?» አለ አጎቴ።

«ስድስተኛዋ እጇ የማይጠገብ ፈታይ ነበረች አሉ።»

«ሰባተኛዋስ አንቱ?»

«እሷን አልሰማሁም።»

በሬው ከጓሮ አንድ ጊዜ ጮኸ። የሙሽራዋ እናት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሰበሰበች። አሮጊቷ ጠላቸውን ተጎነጩና «ስድስተኛዋ ግን ሁለት ጊዜ አግብታለች» አሉ።

«ብታገባስ?»

«የመጀመሪያው ባሏ ቤት አንድ። የሁለተኛው ባሏ ቤት ሁለት። ቤት ቁጠሩልን አላላችሁም?»

የነፍስ አባታችን ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይነቀነቅ ነበር። እኔ ይህ ቆጠራ አይደለም ልል አፌን ስከፍት እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። አባታችን ጋቢውን ገለጡ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ሰባት ሞላ» አሉ። አጎቴ ሳይውል ሳያድር የዳሱን ቋሚ ሊያስቆርጥ ሄደ።

ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር፤ አላለቀም። እናቴና የሙሽራዋ እናት እንደማይገናኙ ተፈርዶላቸው ሲያበቃ፣ እነሱ ግን መገናኘቱን ወደዱት። ሁለቱም እኅት አልነበራቸውም። በየቀኑ መደዋወል ጀመሩ። ከዚያ ደግሞ የታላቂቱ ዘር ማን ናት በሚለው ተጣሉ። እናቴ እኔ ነኝ አለች፤ የጅጋዋ የኔ ምራቅ ብልቃጥ ሞልቷል አለች። ጓደኛዬን በስልክ አስጠየቁኝ። ጓደኛዬ ስቃ ስቃ «መንታ ናችሁ በያቸው» አለችኝ። ነገርኋቸው፤ ታረቁ።

የሠርጉ ቀን ሙሽራውን ይዘን ጅጋ ገባን። እንደ ወጉ የሙሽራው እናት ቤቷ ሆና ነበር የምትጠብቀው። ከሙሽራዋ በር ስንደርስ ሴቶቹ እየዘፈኑ መንገዱን ዘግተዋል። መካከል ላይ፣ ክንዷን ከሁለት ኮረዶች ጋር አቆላልፋ፣ ከሁሉም ከፍ ባለ ድምፅ የምትዘፍነው እናቴ ናት። ጎሕ ሳይቀድ በሚኒባስ ቀድማን መጥታለች።

«እማ!» አለ ወንድሜ። ላቡ በአዲሱ ሱፉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ዛሬ አላውቅህም። እኔ የሙሽራዋ የእናት ወገን ነኝ።»

«እማ፣ የምታገባው እኮ እኔን ነው!»

«ማን እንደሆንህ በቅጡ ተናገርና እናይሃለን።»

ከኋላችን ጩኸት ሰማን። የሙሽራዋ እናት በጓሮ ዞራ ወጥታ ከሚዜዎቹ መካከል ቆማለች። «የእኅቴን ልጅ ፀሐይ ላይ አታቁሙት! ክፈቱለት!» ትላለች፤ የገዛ ቤቷን በር እያየች። ሁለቱ ሴቶች በወንድሜ ራስ ላይ ተሰዳደቡ፣ ተሳሳቁ፣ ደግሞ ተሰዳደቡ። መጨረሻ ላይ እናቴ ደከማትና በሩ ተከፈተ። ዳሱ ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ባዶውን ነበር። አንድ ደብተራ ሊቀመጡበት ሲሉ እናቴ በትሕትና አስነሣቻቸው። «ይቅርታ አባቴ፣ ለባሕር ማዶ ዘመዶቻችን ነው» አለቻቸው። እስከ ማታ ማንም አልተቀመጠበትም።

ከሠርጉ በኋላ የእናቴ ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ሴት ልጇ እኔ ብቻ ነኝ፤ አላገባሁም። ሐረጉን የምታስቀጥል ሴት ብቻ መሆኗን ያስተማርኋት ደግሞ እኔው ነኝ። በደወለች ቁጥር «ብርቅ ነገር ይዘሽ ዝም ብለሽ ተቀምጠሻል» ትለኛለች። አንድ ቀን መረረኝና «የወንድሜ ሚስትም ያው ሐረግ ናት እኮ። እሷ ሴት ከወለደች ያንቺው ሐረግ ይቀጥላል» አልኋት። «ቆይ እስቲ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ዓመቱ ሳይሞላ የወንድሜ ሴት ልጅ ተወለደች። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሁለቱ አያቶች ግራና ቀኝ ቆመው አፍንጫዋ የማን እንደሆነ ይከራከራሉ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና «አንቺ እንግዲህ እንደ ልብሽ ሁኚ» አለችኝ። ስንት ጊዜ ልሰማው የተመኘሁት ቃል ነበር። ሲደርስ ግን ሥራዬን ለሌላ ሰው የሰጡብኝ ያህል ቅር አለኝ። ልጅቷን ከመካከላቸው ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ይዣት ሄድሁ፤ ክርክሩ ከኋላዬ ቀጠለ።