ድንጋይ ጭነን ወደ ደብረ ብርሃን

ከአንኮበር የወጣነው ማክሰኞ ማለዳ ነው፤ የተቀየሙብንን የኔታ ክንፉን ለምነን ለመመለስ። ላስታ ያላችሁ እኅቶቼ «የሄድሽበትን ሁሉ ጻፊልን» ስላላችሁኝ ያየሁትን እንዳለ አሰፍራለሁ። የሳቅሁበትንም አልደብቅም፤ መነኩሲት መሳቋ ቅር ካሰኛችሁ ጸልዩልኝ።

እዚህ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሦስት ሆነን ልጆች እናስተምራለን። የኔታ ክንፉ ፊደል ያስቆጥራሉ፣ እኔ ዳዊት አስነብባለሁ፣ መሪጌታ ፈንታ ዜማ ያስተምራሉ። የኔታ ሸምገል ስላሉ፣ ልጆቹ እየጮኹ ሲቆጥሩ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ጩኸቱ ሲቆም ደግሞ ወዲያው ይነቃሉ። ይህን ያወቁት መሪጌታ አንድ ቀን ልጆቹን በጣት እየጠቀሱ አንድ በአንድ አስወጧቸው። የወጣውን ልጅ ድምፅ እሳቸው እየሞሉ ቆይተው፣ በመጨረሻ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ በልጆቹ አጎዛ ላይ ብቻቸውን ቀሩና በቀጭን ድምፅ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» ይሉ ጀመር። የኔታ ያንኮራፋሉ። በዚህ መካከል አለቃችን እንግዶች አስከትለው ብቅ አሉ። የኔታን የቀሰቀሳቸው የእንግዶቹ ሳቅ ነው። ዙሪያቸውን ቢያዩ አንድም ልጅ የለም። መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ፤ ቆይቶ ደብረ ብርሃን እኅታቸው ቤት መግባታቸውን ሰማን።

ንዴታቸው ሲበርድ ይመለሳሉ ብለን ጠበቅን። አልተመለሱም። አለቃም «እስከ እሑድ ካልመጣ ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ» አሉ። ቦታውን የሚመኝ አንድ ደብተራ ደጅ መጥናት ጀምሮ ነበር። መሪጌታ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። መሪጌታ እህል እንቢ ካሉ ነገሩ ከባድ ነው። ስለዚህ እሳቸው በዳይ፣ እኔ አማላጅ ሆነን ተነሣን።

ማክሰኞ፤ ዳገቱ ላይ

በቅሎዋን ከጎረቤት በአሞሌ ጨው ተከራየን። ስንጭን መሪጌታ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በስልቻ ከተው አመጡ። የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት መንበርከኩ የታወቀ ወግ ነው፤ ድንጋዩን ከቤቱ ጭኖ የሚጓዝ ግን ያን ቀን ገና አየሁ።

«መሪጌታ፣ ደብረ ብርሃን ድንጋይ ጠፋ?»

«ሞልቷል እንጂ። እዚያ ደርሼ ስመርጥ የኔታ ቢያዩኝስ? ቀላሉን ፈለገ ይሉኛል።»

«ይኼ ቀላሉ አይደለም?»

«ለአንገቴ ልክ ነው፤ ሞክሬዋለሁ።»

በአንዱ ወገን ድንጋዩ፣ በሌላው ወገን በሶና ቆሏችን ሆኖ ቅርባችን ያለችውን ጎረቤላን አልፈን ዳገቱን ተያያዝነው። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ካቀኑ ወዲህ መንገዱ ጭር ብሏል፤ እንደ ድሮው ባለሟልና ባለጉዳይ አይጋፋበትም። ወደ ኋላ ዞር ስንል ቆላው በጉም ተሸፍኖ ነጭ ባሕር መስሏል። ከላይ ከአምባው ስንደርስ ነፋሱ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ ታገለ። ጅብራው ረጅም አበባውን ተሸክሞ በየተራራው ቆሟል፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነጩ ቀና ብለው ያዩናል። መሪጌታ በብርዱ ምክንያት በሶውን ደጋግመው ጎበኙት። ስንቁ በጎደለ ቁጥር ጭነቱ ወደ ድንጋዩ አጋደለ፤ በቅሎዋም ወደ ጎን እየተንገዳገደች እንደ ሰካራም ትሄድ ጀመር።

ከአልዩ አምባ ጨው ጭኖ የሚወጣ አንድ እስላም ነጋዴ ደረሰብን።

«እንዴት ዋላችሁ እማሆይ? ጭነታችሁ ሊወድቅ ነው። ምን ብትይዙ ነው?»

«ድንጋይ» አሉ መሪጌታ።

«ሱብሃነላህ! የወፍጮ?»

«የአንገት።»

ነጋዴው እኔን አየኝ፤ እኔ መቁጠሪያዬን አየሁ። ነገሩን ከሥሩ ስነግረው አህያው ላይ ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና እንደ ሊቅ መከረን፦ «ወይ ይኼን ጣሉት፣ ወይ በወዲያኛው ወገን ሌላ ጨምሩ።»

መሪጌታ ወዲያው ጎንበስ ብለው ሌላ ድንጋይ ይፈልጉ ጀመር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ይኼኔ እኔም ሳቅሁ። በቅሎዋ ሁለት ድንጋይ ተሸክማ፣ እኛ በእግራችን ከኋላዋ ቀጠልን።

ሲለየን ነጋዴው «እኔስ ጨው አውጥቼ ገብስ ይዤ እወርዳለሁ። እናንተ ምን ይዛችሁ ልትመለሱ ነው?» አለኝ።

«አንድ ሽማግሌ» አልሁት። «ፈቃዱ ከሆነ።»

«ኢንሻአላህ» አለና አህዮቹን ነዳ።

ያደርነው ከአንድ ባላገር ቤት ነው። የገብስ ቂጣ አቀረቡልን፣ ከበጎቹ አጠገብ መደብ ላይ ባና አለበሱን። ላስታ ብርድ አለ ስል የነበርሁ ሴት፣ ያን ሌሊት ቃሌን ተውሁ።

ረቡዕ፤ ደብረ ብርሃን

ረቡዕ ጾም ስለሆነ አፋችን ሥራ ፈታ። የመሪጌታ ግን አልፈታም። መንገዱን ሁሉ ለየኔታ የሚሉትን ለበቅሎዋ ሲያጠኑ ዋሉ፤ «አባቴ ሆይ፣ በሰማይም በምድርም ፊት» ብለው ሲጀምሩ ጆሮዋን ትጥላለች። የበሬሳን ወንዝ ተሻግረን ደብረ ብርሃን ስንገባ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር።

የየኔታ እኅት እትዬ ዘነበች ባና የሚያሠሩ ሴት ናቸው። ግቢያቸው በበግ ጠጉር ተሞልቷል። የኔታ በመካከሉ ተቀምጠው ይባዝታሉ፤ የቱ ጠጉር፣ የቱ ጢማቸው እንደሆነ አይለይም። ሲያዩን ፊታቸውን መለሱ።

መሪጌታ ያጠኑት ሁሉ ጠፋባቸው። ድንጋዩን አንገታቸው ላይ አድርገው ተንበረከኩ።

«ይኼ ማነው?» አሉ የኔታ።

«ፈንታ ነኝ፣ የኔታ።»

«እኔ የማውቀው ፈንታ ድምፁ ቀጭን ነው። ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ልጅ ነው።»

«ስለ እመቤታችን ብለው ይማሩኝ።»

የኔታ ድንጋዩን አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «ይኼ የዚህ አገር ድንጋይ አይመስልም።»

«ከአንኮበር ነው» አልሁ። «በበቅሎ መጣ።»

«ስልቻው ውስጥ ያለውስ?»

«እሱ ለሚዛን ነው።»

ጢማቸው ትንሽ ተነቃነቀ። ቢሆንም «አልመለስም» አሉ። መጀመሪያ እንቢ ማለት ወግ ነውና አልደነገጥሁም። ደግሜ ለመንሁ፤ እንቢ አሉ፤ ይኼም ያለ ነው። በሦስተኛው ፈራሁ። «የኔታ፣ እሑድ በቦታዎ ሌላ ሰው ሊቀመጥ ነው» አልኋቸው።

እጃቸው ጠጉሩ ላይ ቆመ። «ይቀመጣ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረ።

እትዬ ዘነበች ከምድጃው ዳር ብድግ አሉ። «እማሆይ፣ ይኼ ወንድሜ በየቀኑ ደጅ ወጥቶ የአንኮበርን መንገድ ሲያይ ይውላል። ምን ታያለህ ስለው፣ በግ ጠፋብኝ ይላል። እኛ በግ የለንም! ጠጉሩን የምንገዛው ከመንዝ ነው!»

የኔታ እንደ ልጅ ቀሉ።

«እዚህ ከመጣሁ ስንት ገበያ ዋለ!» ብለው ጮኹ በመጨረሻ። «በሳቁ የተቀየምሁ መስሏችኋል? እኔስ ብሆን አልስቅም ነበር? ግን ማን መጣ? ማን?»

«እኛ እኮ ይመለሳሉ ብለን…» አሉ መሪጌታ ከድንጋዩ ሥር።

«እኔ ደግሞ ይመጣሉ ብዬ!»

«የኔታ፣ አንገቴ!»

«ይቅር ለእግዚአብሔር። አውርደው፣ አንተ ሞኝ።»

መሪጌታ ድንጋዩን አውርደው ጉልበታቸውን ሳሙ፤ የኔታም ራሳቸውን ይዘው አነሧቸው፤ ሁለቱም በጠጉር ተለወሱ። እትዬ ዘነበች እልል አሉና የባቄላ ንፍሮ አቀረቡ። ድንጋዮቹን «ለእኔ ተዉልኝ፣ የታጠበ ጠጉር ነፋስ እንዳይወስድብኝ እጭንባቸዋለሁ» ብለው አስቀሯቸው። ከእኛ ይልቅ በቅሎዋ የተደሰተች ይመስለኛል።

ሐሙስና ዓርብ፤ መልስ

ሐሙስ የኔታን በበቅሎዋ አስቀምጠን ወጣን። መንገዱን ሁሉ መሪጌታ ቀጭኑን ድምፅ እንዲያሰሙ ታዘዙ፤ አሰሙም። የኔታ ከበቅሎዋ ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ። «እኔ ተኝቼ ነበራ፣ ሳልሰማው!» ይላሉ። እኔ ልጓሙን ይዤ ውዳሴ ማርያሜን ልደግም ብሞክር፣ ሦስት ጊዜ ከመካከሉ ጠፋብኝ።

ዓርብ አንኮበር ስንገባ ደብተራው ከቅጥሩ በር ቆሟል። አለቃም ነበሩ። «ተመለስህ?» አሉ የኔታን።

«እኔስ አልመለስም ነበር። እነዚህ ሁለቱ መንገድ አያውቁም፤ ላደርሳቸው መጣሁ» አሉና ቀጥ ብለው ሄደው ከቦታቸው ተቀመጡ። ልጆቹ እየተሯሯጡ ከበቧቸው፤ ጩኸቱም ተጀመረ። ደብተራው ነጠላውን አጣፍቶ ሄደ።

እኅቶቼ፣ ከዚህ ጉዞ ያገኘሁት ይኼ ነው፦ የተቀየመ ሰው ሁሉ መራቅ ፈልጎ አይሄድም፤ መንገድ የሚያይም አለ። ይህንኑ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ለሁለቱ ነገርኋቸው። ላስታ ሩቅ መሆኑን፣ እዚህ ብቀየም መንገድ ባይ እንኳ የሚመጣልኝ ዘመድ እንደሌለ አስብ እንደነበር፣ አሁን ግን እንደማላስብ ነገርኋቸው።

የኔታ መሬት መሬት አዩ። መሪጌታ አንገታቸውን እያሹ፣ «እንመጣለን እንጂ እማሆይ፣ ምን ጥርጥር አለው» አሉኝ። «ብቻ እባክዎ፣ ሲቀየሙ ቅርብ ቦታ ይሂዱ። ጎረቤላ ይበቃል።»