አምስት ቀርከሃ፣ አንድ ሰው

እንድርያስ ብቻውን ሙዚቃ ይጫወታል የሚል ሰው ካለ፣ የሚዛን ተፈሪ ሰው አይደለም። እንድርያስ የሚነፋት ቀርከሃ ያላት አንዲት ድምፅ ብቻ ናት። ቀርከሃዎቹ አምስት ናቸው፤ አምስት ሰዎች ይዘዋቸው፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ ነው ዜማ የሚሆነው። ብቻውን የነፋ ሰው ከብት ጠራ እንጂ ተጫወተ አይባልም።

በ1967 ዓመተ ምሕረት ከአዲስ አበባ ለመጡት ፊልም አንሺዎች ግን ይህን ማን ይንገራቸው? መልኩ አማራቸውና «ሙዚቀኛውና ከተማው» ብለው እንድርያስን ዋና አደረጉት። ቡና ሲለቅም፣ ገበያ መሃል ሲያልፍ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲነፋ አነሡት። ትልቋን ቀርከሃ ይዞ ከጎኑ የቆመው አብሮ አደጉ ሙሴ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሙሴን «ፀረ አብዮት» ብለው ከቤቱ ወሰዱት። በዚያው ቀረ፤ ሬሳውም አልተሰጠም። እናቱ እማማ በየነች አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልነበራቸውም። ልቅሶ መቀመጥም ተከለከሉ። እናት ልጇን እንዳታለቅስ የሚከለክል ምን ዓይነት መንግሥት ነው?

ለአብዮቱ አሥረኛ በዓል «ተበላሽቶ የነበረው ፊልም ታድሶ መጣ» ሲባል፣ እንድርያስ ወደ እማማ በየነች ቤት ሮጠ።

«እማማ፣ ይነሡ! ሙሴን ሊያዩት ነው!»

የቀበሌው አዳራሽ መስኮቶች በቡና ጆንያ ተሸፍነዋል። ፊልሙ ተጀመረ። ገበያው አለ፤ ቡና የጫነው መኪና ጭቃ ውስጥ ሲያጓራ አለ። ከዚያ እንድርያስ ብቻውን ሲነፋ። አሁንም እንድርያስ ብቻውን። ሙሴ ያለበት ሁሉ በመቀስ ተቆርጧል፤ ሦስቱ ጓደኞቻቸውም ከሙሴ ጋር በመቆማቸው አብረው ተቆርጠዋል። ማደስ ማለት ይህ ነው!

«ልጄ የታለ?» አሉ እማማ በየነች ቀስ ብለው።

እንድርያስ ወደ እሳቸው ጠጋ አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለ። ሸራው ላይ አንድ ሰው አንድ ቀርከሃ ይነፋል፤ የሚሰማው ግን የአምስት ቀርከሃ ዜማ ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ ቆራጮቹ ሁሉንም ድምፅ እንድርያስ የሚያወጣው መስሏቸው ሳይነኩት ትተውታል።

እማማ በየነች የእንድርያስን ክንድ ጨበጡ። «ይቺ ወፍራሟ ድምፅ... ይቺ የሙሴ ናት!»

መብራት ሲበራ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ባየ ወደ መድረኩ ወጣ። «ለጀግናው ሙዚቀኛችን ጭብጨባ! ጓድ እንድርያስ፣ እስቲ ያንኑ ዜማ!»

እንድርያስ ቀርከሃውን ይዞ ወጣ። አንዴ ነፋና ጠበቀ። ደግሞ ነፋ፤ ደግሞ ጠበቀ።

«ቀጥል እንጂ!» አለ ባየ።

«ተራው የእኔ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እማማ በየነች ግን ብድግ አሉ።

«የልጄ ነው» አሉ። «የሙሴ።»

ከዚያም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና፣ ስድስት ዓመት የተከለከሉትን ልቅሶ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ።