ሁለት ፊሽካ በአንድ ማዕዘን

ልብስ ሰፊው ሐሰትን በአንደበታቸውም በእጃቸውም የማይወዱ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረባቸው ሰው ነበሩ። የደንበኛ ወገብ ሰፍቶ እንደ ሆነ ሰፍቷል ይላሉ እንጂ ጨርቁ ነው የጠበበው ብለው አያባብሉም። በትርፍ ጊዜያቸው የቅርጫት ኳስ ዳኛ የሆኑትም ስለዚሁ ነው፤ ፊሽካ በአንገቱ ያንጠለጠለ ሰው ያየውን ብቻ የመመስከር አደራ አለበት ብለው ያምኑ ነበር። ይሁን እንጂ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ አንዳች ጉድለት ይተውለታልና፣ እሳቸውም አንድ ነገር ተስኗቸው ኖሩ፦ አንድ ጊዜ የዘረጉትን እጅ መልሶ ማጠፍ።

በዚህም ምክንያት ከባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ከቧንቧ ሠሪው ጋር ተኳርፈው ሰነበቱ። እርሱም እንደ እሳቸው ዳኛ ነው። በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጨዋታ ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ሲዳኙ፣ ልጆቹ በሜዳው ማዕዘን ኳስ ሲሻሙ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ፊሽካ ነፉ። ልብስ ሰፊው ኳሱ የቀዮቹ ነው ሲሉ ወደ ግራ፣ ቧንቧ ሠሪው የነጮቹ ነው ሲል ወደ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። የሚያጥፍ ግን ጠፋ። ፊት ለፊት ተፋጥጠው እንደ መንገድ ዳር ምልክት ተገትረው ቀሩ። ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ አንድ ነገረኛም በስልኩ ቀርጾ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰው። ከዚያ ወዲህ በዘመድ ገበታ ላይ እንኳ አንዱ ከሌላው ጨው የሚጠይቀው በባለቤቲቱ አፍ ሆነ።

እንግዲህ ይህ ታሪክ በሚነገርበት ዕለት ባለቤታቸው የዳኝነት ሸሚዛቸውን እየተኮሱ ነገሩን አነሡት።

«ዛሬ ከወንድሜ ጋር መድበዋችኋል አሉ።»

«ምደባው የማኅበሩ ነው። እኔ አልጠየቅሁም።»

«የፈለገው ይመድባችሁ። ወይ ወንድሜን ይዘኸው ትመጣለህ፣ ወይ እኔ ጓዜን ጠቅልዬ እሱ ቤት እገባለሁ። በሁለት ኩርፊያ መሃል መላላክ በቃኝ!»

ልብስ ሰፊው ሸሚዙን ተቀብለው ወጡ። ባለቤታቸው ያሉትን የሚያደርጉ ሴት መሆናቸውን ከማንም ይልቅ እሳቸው ያውቁታልና።

ዳኞች ወደ ሜዳ ከመውጣታቸው በፊት ለብቻቸው ተሰብስበው በር ዘግተው የመመካከር ሥርዓት አላቸው። ያ መሳቂያ የሆኑበት ጨዋታ የተደረገበት፣ የዛሬውም የሚደረግበት ትምህርት ቤት ለዚህ የሰጣቸው ክፍል የስፖርት ዕቃ ማከማቻ ነበር፤ አየር የወጣላቸው ኳሶች፣ የተቀደደ የመዝለያ ፍራሽ፣ እርስ በእርስ የተቆላለፉ ወንበሮች ሞልተውበታል፤ አየሩም የጎማ ሽታ ነው። ከሁለቱ ጋር የተመደበችው ዋናዋ ዳኛ ቀድማ ደርሳ ትጠብቃለች። እርሷ የዘወትር ሥራዋ ትራፊክ ፖሊስነት ነው፤ ስለዚህ ፊሽካ ያለ እርሷ ፈቃድ አይጮኽም ይባልላታል።

ልብስ ሰፊው በጨርቅ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔያቸው ወለሉ ላይ ሜዳ ሣሉ፤ ከኪሳቸውም የልብስ ቁልፎች አውጥተው ቀዮቹንና ነጮቹን ደረደሩ። ዋናዋ ዳኛ ሜዳውን አከፋፈለች፦ ኳሱን ማን ይከተላል፣ ከኳሱ ርቀው የሚጓተቱትን ማን ያያል፣ ከቅርጫቱ ሥር ማን ይቆማል።

«ሁለት ፊሽካ እንደ ሰማችሁ» አለች፣ «እጃችሁን አንሥታችሁ መጀመሪያ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ለነገሩ የቀረበው ይናገር። እስቲ ተያዩ።»

ሁለቱም እርሷን አዩ።

«እኔን አላልኩም!»

አንዱ ጣሪያውን፣ ሌላው ፍራሹን አየ። ዋናዋ ዳኛ ተነፈሰችና የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ከደጅ ጠርታ ተከላካይ አድርጋ አቆመችው፤ እርሷ ራሷ ተጫዋች ሆነች። ኳሱን ሳታነጥር ታቅፋ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ተራመደች። ፊሽካዎቹ በየአፋቸው እንዳሉ አልጮኹም።

«ምነው?»

«ጋሼ ይነፋሉ ብዬ ነው» አለ ቧንቧ ሠሪው።

«የለም፣ ለእሱ ትቼለት ነው» አሉ ልብስ ሰፊው። «ነፍተሃል ተብዬ ደግሞ ሰው መሳቂያ እንዳያደርገኝ።»

«እኔስ ብሆን? ታላቅ እያለ ነፋ እንድባል ነው?»

ዋናዋ ዳኛ ኳሱን በብብቷ ሸጉጣ በሩን ከፍታ ወጣች። ከደጅ ሰላምታ ስትለዋወጥ፣ የቤተሰብ ጤና ስትጠይቅ ተሰማ። ተመልሳ ገባች። ሁለቱ ጉንጫቸውን ነፍተው ቆመዋል፤ ድምፅ ግን የለም።

«ገበያ ወርጄ ሽንኩርት ገዝቼ ብመለስም አትነፉም ማለት ነው?»

«አለቃ፣ እኔ እንኳ ጥፋት ነው ብዬ ነበር» አለ ዘበኛው።

ዋናዋ ዳኛ ኳሱን ወለሉ ላይ አኖረች። «ስሙኝማ። ሁለት ሾፌር ተጋጭቶ ሲሰዳደብ አላቅቄ እሸኛለሁ። ሁለት ሾፌር ‹አንተ እለፍ፣ የለም አንተ እለፍ› ሲባባል ግን ከተማው በሙሉ ይቆማል። እናንተ ዛሬ ከተማውን ልታቆሙት ነው። በሉ ንገሩኝ፣ ያን ቀን መጀመሪያ የነፋው ማነው?»

«እሱ ነዋ!»

«እሳቸው ናቸው እንጂ!»

ከኩርፊያው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«አንተ ስትነፋ ሰምቼ አይደለም የነፋሁት?» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ጋሼ፣ በእናቴ! እኔ የነፋሁት የእርስዎን ሰምቼ ነው!»

ከዚያ የዋናዋ ዳኛ ፊት ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ያ ጨዋታ… ቅዳሜ ከሰዓት ነበር?»

«አዎ።»

«ከሜዳው አጥር ጀርባ ባለው መንገድ ተረኛ ነበርኩ። አሸዋ የጫነ መኪና በተከለከለ አቅጣጫ ሊገባ ሲል…» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይ ጉዴ! እኔ ነኝ የነፋሁት!»

«ኳሷማ» አለ ዘበኛው እንደ ተራ ነገር፣ «መስመሩንም አልነካችም። አጠገቧ ቆሜ ነበር። የሚጠይቀኝ ስላጣሁ ነው ዝም ያልኩት።»

ቧንቧ ሠሪው ሳቁ አመለጠው። ልብስ ሰፊው ግን አልሳቁም። በወገብ ልክ እንኳ የማይዋሹት ሰው፣ ያላዩትን ነገር በሕዝብ ፊት በእጃቸው መስክረው ነበርና። ያኔ እጃቸውን ማጠፍ የከበዳቸው ከእልህ ይልቅ በእፍረት ነበር።

«እኔ ያን ቀን ምንም አላየሁም» አሉ በዝግታ። «ወደ ግራ የጠቆምኩት በግምት ነው። ይቅር በለኝ።»

«ጋሼ፣ እኔኮ ያንን ግምት እንኳ አልገመትኩም። እርስዎ ግራ ሲሉ ነው ቀኝ ያልኩት!»

አሁን ሁሉም ሳቁ፤ ዘበኛው ለምን እንደሚስቅ ሳያውቅ ከሁሉ በላይ ሳቀ። ዋናዋ ዳኛ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ላላየ ሰውም ሕጉ ምልክት አለው። ሁለቱን አውራ ጣት ወደ ላይ ማቆም ነው። ያኔ ተራ የደረሰው ቡድን ኳሱን ይወስዳል። አላየሁም ማለት ነውር አይደለም።»

የሴት ተማሪዎቹም ጨዋታ ተጀመረ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ውጤቱ እኩል ሳለ፣ ብዙ እጅ የተረባረበባት ኳስ በማዕዘኑ በኩል ወጣች፤ በዚህ ጊዜ በእውነት ወጣች። ሁለት ፊሽካ ጮኸ። ያን ቪዲዮ ያየ ሰው ሁሉ ስልኩን አነሣ። ልብስ ሰፊው እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ቧንቧ ሠሪውን አዩ። እርሱም በትንሹ ራሱን ነቀነቀ፦ አላየሁም። እሳቸውም አላዩም ነበር። በሺህ ዓይን ፊት፣ ሁለቱ በአንድነት አራት አውራ ጣት አቆሙ።

«ኧረ ዛሬስ ተስማምተዋል!» ብሎ አንድ ሰው ከወንበሩ ጮኸ፤ ስልኩንም ቅር ብሎት ኪሱ ከተተ።

ሲመሽ ባለቤታቸው በመስኮት ሆነው ሲጠብቁ፣ ከመንገዱ መታጠፊያ የሁለት ሰው ጩኸት ሰሙ። ቧንቧ ሠሪው የቀዮቹ አምበል ኳሱን ሳታነጥር ተራምዳለች ይላል፤ ልብስ ሰፊው አልተራመደችም ይላሉ። በመንገዱ መካከል ቆመው አንዱ የልጅቱን እርምጃ፣ አንዱ ዛሬም ከሜዳው ዳር ቆሞ የነበረውን ዘበኛ ምስክርነት እየጠቀሰ ይሟገታሉ።

«እትዬ፣ ውጡ! ባልዎና ወንድምዎ ተጣሉ!» አለች ጎረቤታቸው።

«ተያቸው፣ እባክሽ» አሉ ባለቤቲቱ ሦስት ሳህን እያወረዱ። «ይሄ ጠብ ናፍቆኝ ነበር።»

ያላዩትን አላየሁም ለማለት ልብ የሰጣቸው ጌታ፣ የልብስ ሰፊውን ዕድሜ ያርዝም፤ ባለቤታቸውን፣ ወንድማቸውንና ቤታቸውን በሰላም ይጠብቅ። አሜን።