አምስተኛው ስም

ስለዚያ ኮረብታ ቁጭ ብዬ ማውራት አልችልም። ልጆቼ ያውቃሉ፤ ገና ስጀምር ከወንበሬ እነሳለሁ፣ በረንዳው ላይ ወዲህ ወዲያ እላለሁ፣ ያወለቅሁትን ጫማ መልሼ አጠልቃለሁ። ጽፌ ካልሆነ እንደማልጨርሰው ስለገባኝ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት።

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ከልደታ ሰፈር አምስት ሆነን ባንዳ ገባን። ተገድጄ ነው ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ማንም አላስገደደኝም። በሰሜን ጦርነት ተሸንፌ በእግሬ የተመለስኩ ወታደር ነበርኩ። ስደርስ እናቴ ሞታ፣ ቤታችን ተቃጥሎ ነበር። ጣሊያኖቹ ካምፕ ውስጥ ዱቄት ይሰፈራል፤ እኔም የገባሁት ለዱቄቱ ነው። ጓደኛዬ ታደሰም እንደዚሁ። የሰንጋ ተራ የበሬ ደላላ ልጅ ነበር፤ በጣም ሳቂታ። ቀዩን መቀነት ያስታጠቁን ቀን «ሙሽራ መሰልን እኮ!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ትእዛዙ የመጣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ወደ ሰላሌ ዘልቀን አርበኞች የያዙትን አንድ ኮረብታ እንድናስለቅቅ ታዘዝን። ሁለት ቀን ተጓዝን። በሦስተኛው ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሽቅብ መውጣት ጀመርን። ካፒቴኑ ከኋላ። መትረየሱ ከኋላ። እኛ ከፊት። ከላይ ሆነው በአማርኛ ይሰድቡን ነበር፤ እኔን ከጥይቱ ይልቅ ስድቡ ነበር የሚያስጎነብሰኝ። ታደሰ አጠገቤ በደረቱ ተኝቶ «እኔ ወደ ሰማይ ነው የምተኩሰው» አለኝ። እኔም እንደሱ አደረግሁ ብል ውሸት ነው። ወደ ሰማይም፣ ወደ ሰውም ተኩሻለሁ።

አራት ሰዓት ላይ ኮረብታውን ያዝን። ከላይ ማንም አልነበረም፤ ያልበረደ አመድና አንድ የተረሳ የውሃ ቅል ብቻ። ስንቆጠር ከልደታዎቹ የተረፍኩት እኔ ብቻ ሆንኩ። ታደሰ አንገቱን ተመትቶ ዓይኑን እንደገለጠ ነበር። ድንጋይ ከምረን አራቱንም ቀበርናቸው። ቄስ የለ፣ ጸሎት የለ። እኔ ባቴን ተመትቼ ስለነበር በወሩ አሰናበቱኝ።

ልደታ የገባሁት ቀትር ላይ ነው። መቀነቱን ገና መንገድ ላይ ጥዬዋለሁ፤ ሰው ግን አልረሳም። ሴቶቹ ሲያዩኝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ስበው ያልፋሉ። ድሮ በሰላምታ ብዛት የሚያደርቀኝ ባለሱቅ ጨዉን ሰፍሮ ይሰጠኝና ፊቱን ወደ መደርደሪያው ያዞራል። በእናቴ ቦታ የገባሁበት የልደታ ማኅበር ነበር፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ሄጄ ተቀመጥኩ። ጽዋው ከግራዬ ካለው ሰው እጅ ተነስቶ፣ በፊቴ አልፎ፣ በቀኜ ላለው ተሰጠ። ክፉ ቃል የተናገረ የለም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ ኮረብታው ላይ ለምጃለሁ። ከነሱስ ውስጥ ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ሲፈልጥ የሚውል የለም? አለ። ግን ይህን የምናገርበት ምን አፍ ነበረኝ?

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን አራቱ ያለ ፍትሐት ድንጋይ ሥር መቅረታቸው ነው። እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ማለዳ ወደ ልደታ ማርያም ሄጄ አንድ ሽማግሌ ቄስ አነጋገርኩ።

«አባ፣ ለአራት ሰዎች ፍትሐት ይደረግልኝ።»

አራቱ እነማን እንደሆኑ ቄሱ ያውቃሉ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። የክርስትና ስማቸውን ይዘህ ና» አሉኝ።

ከአንድ ገበታ በልተን፣ አንድ ጋቢ ለብሰን ተኝተን፣ የአንዳቸውንም የክርስትና ስም አላውቅም ነበር። በየቤቱ ዞርኩ። የሦስቱን አገኘሁ፤ የአንዱን አባቱ «ግባ» እንኳ ሳይሉኝ በአጥር ላይ ነገሩኝ። የታደሰ ቀረ። የቤተሰቡ ነፍስ አባት ከተማው ሲያዝ እንደወጡ አልተመለሱም፤ አባቱም ሞተዋል። በከተማው ስሙን የሚያውቁት እናቱ እትዬ ጥሩነሽ ብቻ ናቸው።

ጥጥ ሲፈትሉ ደረስኩባቸው። መሞቱን ነገርኳቸው። እንዝርቱ አልቆመም።

«የኔ ልጅ አንድ ነው» አሉኝ። «እሱም ጫካ ነው።»

የታደሰ ታላቅ ወንድም ከአርበኞቹ ጋር ነበር።

«እትዬ፣ የክርስትና ስሙን ብቻ ይንገሩኝ። ለፍትሐቱ ነው።»

አዲስ ባዘቶ አነሱ። ተስፋ ቆርጬ ደጃፉን ስወጣ ጠሩኝ።

«በማን ጥይት ነው የሞተው?»

ምን ልበላቸው?

«በል ሂድ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ በሩ አልተከፈተልኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ሦስቱን ስም ተቀብለው «አራተኛውስ?» አሉኝ። አፌ ላይ የመጣው የራሴ የክርስትና ስም ነበር።

«ወልደ ጊዮርጊስ» አልኳቸው።

ታደሰ ያለ ስም ከሚቀር በኔ ስም ይግባ ብዬ ነው። ስም እንደ ካፖርት የሚያውሱት ነገር መስሎኝ ነበር። ጸሎቱ ሲጀመርና ስሜ ከሙታን ጋር ሲነሳ ግን ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ሮጬ ልውጣ ልውጣ አለኝ።

ጸሎቱ ሳያልቅ በሴቶቹ በር በኩል አንዲት ሴት ወደ ፊት መጡ። ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀዋል። እትዬ ጥሩነሽ ነበሩ።

«አባ» አሉ። «አራተኛው ስም ተሳስቷል። የልጄ ስም ወልደ ሚካኤል ነው።»

ቄሱ ወደኔ ዞር አሉ። ከዚያ የታደሰን ስም ጨምረው ጸሎቱን እንደገና ከመጀመሪያው አደረሱ። እኔም የራሴ ስም ይሰረዝልኝ አላልኩም።

ሲያልቅ እትዬ ጥሩነሽ ግቢው ውስጥ ጠበቁኝ።

«ወልደ ጊዮርጊስ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ከተመለስኩ ወዲህ ዓይኔን ያየ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

«ደግ አድርገሃል» አሉኝ። «አብራችሁ ነው የሄዳችሁት።»

ይህን ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞታቸው አላናገሩኝም።

ጣሊያን ወጣ። በዓመታት ውስጥ ሰዉ ረሳ፤ ወይም ደከመው። ጽዋውም አንድ ቀን እኔ ጋ ቆመ፤ ጠጣሁ። ማን እንደሰጠኝ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም።

ከልደታ አምስት ሆነን ሄድን፤ አራት ሞቱ። ልደታ ማርያም ውስጥ ግን ፍትሐት የተደረገው ለአምስት ሰው ነው። ልጆቼ፣ ሁልጊዜ ከወንበሬ የሚያስነሳኝ ይኸው ነው፤ የትኛው ቁጥር ትክክል እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።