ሶፋው ሽማግሌ እስኪቀመጥበት

ልጄ ዮሐንስ ከባሕር ዳር የሶፋ ፎቶ በስልኬ ሲልክልኝ ሰነበተ። ትናንት ብቻ አሥራ አንድ ላከ። ግራጫ አለ፣ ቡናማ አለ፣ ጥግ ይዞ የሚታጠፍ አለ፣ ንጉሥ ካልሆኑ በቀር የማይቀመጡበት የሚመስል ወርቃማ እግር ያለውም አለ። «እማዬ፣ ሰላምን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የሚመጡት በሚቀጥለው እሑድ አይደል? በዚያ አሮጌ ወንበር ልታስቀምጫቸው ነው? አንዱን ምረጪና በመኪና አስጭኜ ልላክልሽ» ይለኛል። ሰላም የመጨረሻ ልጄ ናት። ከእሷ በኋላ በዚህ ቤት የምቀረው እኔና ዶሮዎቼ ነን።

መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ያምራሉ። ሆዱን የሚያሳይ ግን አንድም የለም። «እስኪ ገልብጠህ ከታች አንሣውና ላክልኝ» ስለው ሳቀብኝ። ሶፋን ማን ከታች ያነሣል አለ። አያቱን በደንብ ስላላወቃቸው ነው። አባቴ ቢሆን ኖሮ የሚያየው ከታች ብቻ ነበር።

አባቴ የማር ነጋዴ ነበር። ማር ነጋዴ ሰው አያምንም አይባልም፤ ላዩን ነው የማያምነው። በገበያ ቀን ገበሬዎች ጋኑን አፉ ድረስ ሞልተው ሲያቀርቡለት ነጩን ማር አይቶ አይደነቅም፤ ስንጥር ከኪሱ አውጥቶ እስከ ታች ይሰድና ጫፉን ይልሰዋል። ከላይ ማር፣ ከታች ሰፈፍና ሌላ ነገር የሞላ ጋን ስንቴ አጋጥሞታል። ይህ ልማድ ታዲያ ከገበያ ቤት ድረስ ተከተለው። ጫማ ሲገዛ ገልብጦ ነው፣ ሰፌድ ሲገዛ ገልብጦ ነው። እናቴ «እኔንም ገልብጠኸኝ ይሆናል ያገባኸኝ» እያለች ትተርበው ነበር።

የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚሁ ሰቆጣ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ከድሮው የድንጋይ ቤታችን ወጥተን አዲስ ቆርቆሮ ቤት የገባነውም በዚያው ዓመት ነው። ድሮ እንግዳ የምናስቀምጠው በመደብ ላይ ነበር፤ መደብ ደግሞ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ የጭቃ መቀመጫ ስለሆነ እንደ ሌላው ዕቃ ተሸክመነው አልመጣንም። አዲሱ ቤት ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው፣ መቀመጫ የለውም። እናቴ «እንግዳ ሲመጣ ጭኔ ላይ ላስቀምጠው?» ብላ ስትነዘንዝ አባቴ ሶፋ እንዲፈለግ ፈቀደ፤ ፊደል የቆጠርሽ አንቺ ነሽ ብሎም ምርጫውን ለኔ ጣለው።

«ሶፋ የሚገዛው አንዴ ነው» አለኝ። «ሰው ይቀመጥበታል፣ ሰው ይታመምበታል፣ የሞትን ቀን ለቀስተኛ ይደረደርበታል። ይህን ሁሉ የሚችል ፈልጊ።»

በመጀመሪያ የሄድነው ከወልድያ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ሱቅ ነው። ቀይ ከፋይ የለበሰ ሶፋ አለው። እናቴ ቁጭ ስትል ዋጥ አደረጋት፤ ፊቷ በደስታ በራ፤ እኔም ልቤ ከፋዩ ላይ ቀረ። በማግሥቱ አባቴን ይዘነው ስንሄድ በጡጫው ሁለቴ ተጫነውና ነጋዴውን «ገልብጠው» አለው። ነጋዴው «አባቴ፣ ሶፋ አይገለበጥም» ብሎ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። «የማይገለበጥ ነገር የሚደብቀው አለ» ብሎ ወጣ። እናቴ እስከ ቤት ድረስ አላናገረችውም።

ማታ እራት ላይ ወሰነ። «ሂጂና ብሬን አናግሪው። የብሬን እጅ አውቀዋለሁ። ራሱ ይሥራው በይው፤ ለሠራተኞቹ አይስጥብኝ።»

አያ ብሬ በከተማው ስማቸው የታወቀ አናጺ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑን በር የሠሩት እሳቸው ናቸው። ልቤ ዘለለ፤ ምክንያቱ ግን አያ ብሬ አልነበሩም። እሳቸው ዘንድ ካሳ የሚባል፣ ከደሃና ወረዳ የመጣ ልጅ ይሠራል። ካሳን ያወቅሁት የመሥሪያ ቤታችንን መደርደሪያ ሊጠግን መጥቶ ነው። አራት ቀን የሚበቃው ሥራ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። አለቃችን ሰነፍ ነው ብሎ ደመደመ። እኔ ግን ጠረጴዛዬ ከመደርደሪያው አጠገብ ስለነበር የመዘግየቱን ምክንያት ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ሌላ የማውቀው ነገርም ነበር። የአያ ብሬ ዓይን ደክሟል። እንጨቱን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ፣ አንኳኩተው እየሰሙ፣ አሽትተው ደርቋል አልደረቀም ይላሉ እንጂ መስመር አይታያቸውም። ከእሳቸው ቤት የሚወጣውን ሁሉ የሚሠራው ካሳ ነው። አናጺ ዓይኑ ጠፋ ከተባለ ማን ሥራ ይሰጠዋል? ስለዚህ ካሳ ለማንም አልተናገረም፤ ለኔ ብቻ ነገረኝ። የአባቴን ትእዛዝ ይዤ ስሄድ እንግዲህ እውነቱን እያወቅሁ ነው። «አባዬ እርስዎ ራስዎ እንዲሠሩት ነው ያለው» አልኳቸው። አያ ብሬ አጠገባቸው ያለውን እንጨት ዳሰስ አድርገው «ከኔ ቤት ይወጣል በይው» አሉ። ካሳ አጎንብሶ መላጉን ቀጠለ። ቤቴ ተመልሼ «እሺ ብለዋል» አልኩ። እውነቱን ብናገር አባቴ ሥራውን ወደ ሌላ ይወስደዋል፤ ያን ጊዜ እዚያ ቤት የምመላለስበት ሰበብ አይኖረኝም። እንዲህ ነው ነገሩ፤ አላሳምረውም።

በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ «ሥራው የት ደረሰ» ልል እሄድ ነበር። ሰኔ ገብቶ ደመናው ከተራራው ላይ መውረድ ጀምሯል። የገብስ ቆሎ በመሐረብ ቋጥሬ እይዛለሁ፤ አያ ብሬ በራፉ ላይ ተቀምጠው ቆሎውን እየቆረጠሙ አይሰሙም አያዩም። የሶፋው እግር ወይራ ነው፤ አካሉ ዋንዛ። ካሳ ዋንዛው ጨረቃ በጎደለች ጊዜ የተቆረጠ መሆኑን ከሸጠው ገበሬ አስምሎ ነው የገዛው፤ እንዲያ የተቆረጠ አይነቅዝም ይላሉ። ምስማር ጥቂት፣ ሽብልቅ ብዙ። ስፖንጅ በሚገባበት ቦታ እንደ አልጋ የበሬ ቆዳ ጠፍር ጠለፈበት፤ በላዩ በበግ ፀጉር የተሞላ ፍራሽ፣ በፍራሹ ላይ ባና የሚባለው ወፍራም የደጋ የሱፍ ልብስ። እኔ እንዲያው ለወሬ ያህል «ስንት ዓመት ይኖራል?» ስለው መላጊያውን አስቀምጦ አሰበበት። «እኛ እስከኖርን» አለ። እኛ ማለቱን ሰማሁ፤ ያልሰማሁ መሰልኩ።

ሐምሌ ላይ አራት ሰዎች በጭቃ ተሸክመው አመጡት። አባቴ በሩ ላይ አስቆማቸውና እዚያው በረንዳው ላይ አስገለበጠው። ካፊያው እየወረደበት ስንጥሩን አውጥቶ መጋጠሚያውን ሁሉ ሞከረ። የትም አልገባለትም። አስገብቶ ተቀመጠበት። እናቴ «እህስ?» ብትለው «ክረምት ይለፍበት» አለ። መስከረም ሲጠባ፣ የእንቁጣጣሽ እንግዳ ሁሉ ተቀምጦበት ከሄደ በኋላ፣ የወይራውን እግር እየዳበሰ «የብሬ እጅ ይባረክ፤ ቁርጥማት አይንካው» ብሎ መረቀ። እናቴ አሜን አለች። እኔ ስኒዎቹን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ገባሁ።

በኅዳር ካሳ ሽማግሌ ላከ። የሰፈራችን ቄስ መምሬ ገብሩና የካሳ አጎት ነበሩ። አጎቱ ከደሃና በእግራቸው የመጡ፣ አማርኛውን ከአገራቸው ቋንቋ ከኽምጣና እየቀላቀሉ የሚናገሩ ረጅም ሰው ናቸው። በኛ አገር ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ባለቤቱ «ተቀመጡ» ካለና እነሱም ከተቀመጡ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። አባቴ ያን ቀን «ዘመድ ላማክር» ብሎ እንደቆሙ መለሳቸው። ማታ ለእናቴ «ልጄን ያስተማርኳት ሰው ቤት ተቀጥሮ እንጨት ለሚልግ አይደለም» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

በጥር ማለዳ ተመልሰው መጡ። ሦስተኛ ሰው ጨምረዋል፤ አያ ብሬን። እናቴና እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነን። እናቴ ጠላውን አቅርባለች፤ ሳይቀመጡ ግን መቅዳት አይቻልም። አባቴ ሶፋው ላይ ብቻውን ተቀምጧል።

«አቶ ተስፉ፣ እንደ ቀድሞው ልንለምን ነው የመጣን» አሉ መምሬ ገብሩ።

«ልመናችሁን ሰምቻለሁ» አለ አባቴ። «ልጁ ክፉ ነው አላልኩም። ግን ምን ይዞ ነው የሚወስዳት? መሬቱ ለወንድሞቹ ሆነ፤ ደመወዝ የለው።»

«እጅ አለው» አሉ አጎቱ።

«እጅማ ማን የሌለው አለ።»

አያ ብሬ በምርኩዛቸው እየዳሰሱ ወደፊት ተራመዱ። ጉልበታቸው ሶፋውን ሲነካ ጎንበስ ብለው መደገፊያውን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ተስፉ፣ በመስከረም እጄን እንደመረቅኸው ሰምቻለሁ» አሉ። «ምርቃትህን ልመልስልህ ነው የመጣሁት።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ዓይኔ ከደከመ ሦስት ዓመት አለፈው። ይህን ሶፋ ያየሁት እንዲህ በእጄ ነው። እንጨቱን የመረጠው፣ የላገው፣ የገጠመው ካሳ ነው። የመረቅኸው የሱን እጅ ነው።»

አያ ብሬ ያን ቀን በሦስት ሰው ፊት የገዛ ስማቸውን በአፋቸው አፈረሱት። ከተማው እስከ ማታ እንደሚሰማው ያውቃሉ። እኔ ግን ልጅ ነኝና ያሰብኩት ስለ ራሴ ብቻ ነው።

አባቴ ከሶፋው ላይ ተነሣ። አለቀልኝ አልኩ። ፊቱን ወደ መጋረጃው አዞረና ስሜን ጠራ።

«ሙሉ፣ ታውቂ ነበር?»

የምትጠየቅ ልጅ በሽማግሌ ፊት ድምፅዋ አይሰማም። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «አውቅ ነበር፣ አባዬ» አልኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብታውቅ አታሠራውም ብዬ ፈርቼ ነው።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ «ገልብጡት» አለ። ተያዩ። አጎትየው ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው አንዱን ጫፍ ያዙ፤ መምሬ ገብሩ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መልሰው ታገሉ፤ ወይራ ነውና አልነቃነቅ አላቸው። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁና በአንዱ በኩል ብድግ አደረግሁት። እስከ ዛሬ ድረስ አክስቶቼ ለራሷ ጋብቻ ሶፋ የተሸከመች እያሉ ይስቁብኛል።

አባቴ ተንበርክኮ ሆዱን አየ። ከመጥረጊያ ስንጥር ነቅሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞከረው። ክረምት አልፎበታል፣ እንግዳ ወጥቶ ወርዶበታል፤ ስንጥሩ ግን ዛሬም አልገባም። «መልሱት» አለ። መለስነው። ከዚያ በኋላ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። እናቴ ከውስጥ «ኧረ በማርያም» ስትል ይሰማኛል። አባቴ ግን ሶፋውን እያየ፣ አንድ ጊዜም እኔን እያየ፣ አፉን ከፈት አድርጎ መልሶ እየዘጋ ቆመ።

«ተቀመጡ» አለ በመጨረሻ።

ሦስቱም ተቀመጡ። ጠፍሩ አንዴ ሲጥ ብሎ ዝም አለ። አያ ብሬ ምርቃቱን መመለሳቸውን ሊደግሙለት ሲጀምሩ «ተወው ብሬ፣ ምርቃት አይመለስም፤ ለሁለት ይበቃል» አላቸው። እናቴ ጠላውን ቀዳች።

አያ ብሬም ከሱቃቸው አልወጡም። ካሳ ስማቸውን ከበሩ ላይ አላወረደም፤ እስኪሞቱ ድረስ በራፉ ላይ ተቀምጠው እንጨት ያሸቱለት ነበር። ሶፋው አባቴ እንዳለው ሁሉንም ቻለ። አባቴ ታመመበት፣ ለቀስተኛ ተደረደረበት። ባለፉት ክፉ የጦርነት ዓመታት ቤታችንን ጥለን ስንወጣ የሚያዝ ነገር ሁሉ ሄዶ እሱ ብቻ ጠበቀን፤ ለዘራፊዎቹ ከብዷቸው ይሆናል። ጠፍሩ ሁለቴ ተለወጠ፣ ባናው ከሁለት በላይ፤ እንጨቱ እንዳለ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ካሳም የመጨረሻዎቹን ወራት በላዩ ተኝቶ አሳለፈ። «እኛ እስከኖርን» ያለውን አስታወስኩትና ሳቅን።

ዛሬ ጠዋት ለዮሐንስ ደወልኩለት። «ግራጫውን ለራስህ ቤት ግዛው፤ መጀመሪያ ግን ገልብጠው» አልኩት። «እዚህ የሚመጣ ሽማግሌ ሊቆም ነው የሚመጣው። የሚቀመጥ ከሆነም በአባትህ እጅ ላይ ይቀመጣል።» እሺ አለ። ሰላምን የሚጠይቃትን ልጅ እኔም በበኩሌ ገልብጬ አይቼዋለሁ፤ ሰው ጠይቄ፣ ቤተሰቡን አጣርቼ፣ ስንጥሬ የትም አልገባም። መልሴን አውቀዋለሁ።

ሰላም ወደ ሥራ ስትወጣ በሩን ዘግቼ ከሶፋው ፊት ቆምኩና ለእሑድ ልለማመድ ሞከርኩ። አንዲት ቃል ናት፣ «ተቀመጡ»፤ ካልኳት ሰላም ሄደች ማለት ነው። አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁ። አባቴ ያን ቀን እንዲያ የቆመው ስለዋሸሁት ተቆጥቶ ነው ብዬ ስንት ዓመት ኖርኩ።