በበጎቹ አዳራሽ የሳልኩት ሳል

ያ ቅዳሜ በጠቅላላ ሰማንያ ሁለት ዶላር አስወጣኝ። ሰባው የበጉ ነው፣ አስራ ሁለቱ የመግቢያ። የቀረውን ወጪ ያወቅኩት በዓመቱ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሰጋቱራ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ አናጢ ሲያትል ዳር ስካይዌይ ሰፈር ያለችው ሱቄ ውስጥ መደርደሪያ ሊሠራልኝ መጣና ጣውላውን በጓሮ በር በኩል ይቆርጥ ጀመር። የመጋዙ ጩኸት ምንም አልመሰለኝም። ሽታው ግን በርበሬውንና ቅመሙን ሁሉ አልፎ መጣ፤ ትኩስ እንጨት፣ ትንሽ እርጥበት ያለው። አንዲት ደንበኛ የሽሮ ዋጋ ትጠይቀኛለች፣ እኔ "ኦኬ፣ ኦኬ" እላለሁ። ዋጋ ስትጠየቅ "ኦኬ" የሚል ነጋዴ አይተህ ታውቃለህ? እኔ እዚያ አልነበርኩም። ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ በጎች መሀል ቆሜ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። በዲቪ ከመጣሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። የምሠራው ሥጋና ቅመም ከሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ነበር። ጋሼ ነበር የምላቸው፤ ለአንተም ጋሼ እያልኩ ነው የማወራህ። ከሱቁ በላይ ያለችውን ክፍል እንድኖርባት ሰጥተውኛል። ልጅ ስላልነበራቸው ይሁን ሥራ ላይ ቀልጣፋ ስለሆንኩ አላውቅም፣ ብቻ "ልጄ" ይሉኝ ነበር።

ከዚያ በፊት ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ሾላ በግ ተራ ነው ማለት ይቻላል። የምሠራውን ልንገርህ። ገዢ ይዞ የመጣ ደላላ ሳንቲም ያስጨብጠኛል። እኔ እንደ መንገደኛ ወደ በጉ ጠጋ እልና፣ "ይሄንማ ያስለዋል"፣ "ይሄማ ትናንትም ሳይሸጥ የተመለሰ ነው" ብዬ አልፋለሁ። ባለበጉ እናት አባቴን ይሰድባል፣ ዋጋው ግን ትንሽ ዝቅ ይላል። ማንም አምኖኝ አያውቅም። ለማመንም አልነበረም፤ የገበያው ወግ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው ዞር ብሎ "እውነትህን ነው?" አላለኝም።

ጋሼ የቤተ ክርስቲያናችን ማኅበር ለእንቁጣጣሽ የሚደግሰውን በግ በየዓመቱ ከከተማ ወጥተው ነበር የሚገዙት። ከሲያትል አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ ገጠር አለ፤ እዚያ ገበሬዎቹ በዓመት አንዴ ፌር ያዘጋጃሉ። ትልቅ ዱባ ያበቀለ ይሸለማል፣ ጥሩ ማር የቆረጠ ይሸለማል፣ ሽማግሌዎች በሽርጥ ሽንኩርት ይጠብሳሉ። ማታ ሮዴዮ አለ፤ ሰው ያልተገራ ፈረስና ኮርማ ላይ ወጥቶ ስንት ሴኮንድ ሳይወድቅ እንደሚቆይ የሚታይበት ጨዋታ። ጋሼ ግን የሚሄዱት ለልጆቹ ጨረታ ነበር። የአካባቢው ልጆች ግልገል ይዘው ለወራት ያሳድጋሉ፣ ቅዳሜ ዕለት በጨረታ ይሸጣሉ። የአምናውን ደረሰኝ ካዝናው ሥር አይቼዋለሁ። ስድስት መቶ ዶላር። ለአንድ በግ! "ጋሼን እየዘረፏቸው ነው" አልኩ በሆዴ። "ዘንድሮ ግን እኔ አለሁ።"

ጠዋት ደረስን። ጋሼ ፒክአፓቸውን ሳር ላይ ፓርክ አደረጉና የገዢ ቁጥር ሊቀበሉ ወደ ቢሮ ሄዱ። "በጎቹን እያየህ ጠብቀኝ" አሉኝ። "ነገር እንዳታበላሽ ደግሞ፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው።"

አዳራሹ ረጅም ነበር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። በጣውላው ክፍተት የገባው ብርሃን የሰጋቱራውን ብናኝ ያሳያል፤ ትላልቅ ማራገቢያዎች ያጉረመርማሉ። በጎቹ ተሸልተው፣ ታጥበው፣ እንዳይቆሽሹ ጠባብ ልብስ ለብሰው ቆመዋል። ለፓስፖርት ፎቶ የተሰለፉ ነበር የሚመስሉት። ሳቄ መጣ።

አንዱ ጉረኖ ውስጥ የአስራ አንድ ዓመት ገደማ ልጅ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ የበጓን ጆሮ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች፣ ፀጉሯ ሁለት ጉንጉን ነው። የበጉን ስም ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም። ጀርባውን ዳበስኩት። እጄ በግ ያውቃል፤ ከዚያ የተሻለ ሙክት ዳብሼ አላውቅም። "ጎበዝ ነሽ" አልኳት፣ ፊቷ ቀላ። በዚያ ቀን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከአፌ የወጣ እውነት ያ ብቻ ነው።

ልጅቷ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ወዲያው ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ መጣና በጉን አየት አድርጎ በያዘው ወረቀት ላይ ቁጥሩን አከበበ። ተጫራች ነው አልኩ። የሾላው ሥራዬ ሳልጠራው መጣ።

"ይሄን ያስለዋል" አልኩት በስምንት ወር እንግሊዝኛዬ። ቃሉን አበላሽቼው እንደሆነ ብዬ ራሴ ሳልኩለት። ሁለቴ፣ አሳምሬ።

ሰውየው ባርኔጣውን ከፍ አደረገ። "እርግጠኛ ነህ?"

ግራ ገባኝ። መሳደብ ወይም መሳቅ ነበር የሚጠበቅበት። "እርግጠኛ" አልኩ።

"መቼ ሰማኸው?"

"ትናንት ማታ።"

ትናንት ማታ እኔ ሲያትል፣ ሱቅ ውስጥ የቀይ ሽንኩርት ጆንያ ስደረድር ነበር።

ሰውየው አመስግኖኝ እየፈጠነ ወጣ። ሲመለስ የእንስሳት ሐኪም ይዞ ነው። ሐኪሟ የበጉን ሙቀት ለካች። ቀኑ ይሞቃል፣ በጉ ገና ታጥቦ በጠባቡ ልብስ ታፍኗል፣ ሰው ከቦት ደንግጧል፤ ትኩሳቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከዚያ ሁሉ በግ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማቆየት አይቻልም አለች። ከጨረታው ወጣ። በቃ፣ ይኸው ነው፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ልጅቷ ባልዲዋን ይዛ ስትመለስ ነገሯት። "አላሳለውም" አለች። "እኔ አልሰማሁም።"

ሐኪሟ ደግ ሴት ነበረች፤ በርከክ አለችላት። "ትናንት ማታ አብረሽው ነበርሽ?"

ልጅቷ ባልዲዋን አስቀመጠች። ከሜዳው በኩል የሮዴዮው ማይክሮፎን እየተሞከረ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት ይላል። "ሮዴዮ ልናይ ሄደን ነበር" አለች በመጨረሻ። "ትንሽ ብቻ ነው የቆየሁት።" ከዚያ ፊቷን የበጉ አንገት ውስጥ ቀበረች።

ያኔ መናገር እችል ነበር። "ተሳስቼ ነው፣ የወዲያኛው በግ ነው" ብል እንኳ ይበቃ ነበር። ፈርቼ ነው ብልህ ደስ ባለኝ። አልፈራሁም። ሒሳብ እየሠራሁ ነበር።

አባቷ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። ቤት ሌሎች በጎች ስላሏቸው የተጠረጠረውን ይዞ መመለስ አልቻለም። "እኔ እወስደዋለሁ" አልኩት። "በግ ማከም አውቃለሁ። ሰባ ዶላር።" ገንዘቡን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተና እጄን በሁለት እጁ ያዘ። "ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ያልፍ ነበር" አለኝ። "ስለነገርከን እግዚአብሔር ይስጥህ።" እኔም ጨበጥኩት፤ አጥብቄ።

ጋሼ ቁጥራቸውን ይዘው ሲመጡ በጉ ታመመ ተባሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ልጅቷ አጠገብ ቆሙ፤ በአማርኛ "አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ" አሏት። ከሌላ ልጅ አልገዙም። በጉን ጭነን ወጣን።

መንገድ ላይ፣ "ታዲያ የታመመ በግ ለምንህ ነው?" አሉኝ።

ይህን ጥያቄ በጉጉት ስጠብቅ ነበር። "ጋሼ፣ በጉ መቼ ታመመና!" ብዬ ሳቅኩ። ሁሉንም አወራሁላቸው፣ ሳሌን ሳይቀር ደገምኩላቸው። ጀርባዬን መታ መታ ያደርጉኛል ብዬ ነበር።

ጋሼ ፍሬቻ አብርተው ነዳጅ ማደያ ገቡና ሞተሩን አጠፉ። በጉ ከኋላ የመኪናውን ወለል በሰኮናው ሲያንኳኳ ይሰማል።

"ስድስት መቶ ለምን እንደምከፍል ጠይቀኸኛል?"

"አልጠየቅኩም ጋሼ።"

"እዚያ የሚጫረተው ሁሉ ገበሬ ነው። የበግ ዋጋ ጠፍቶት ይመስልሃል? ሆን ብሎ ነው የሚያስወድደው። የጎረቤት ልጅ ነገ ኮሌጅ እንድትገባበት ነው። እኔንም ከጎረቤት ቆጥረውኝ ነበር።" ከደረት ኪሳቸው በእርሳስ የተጻፈ ደብዳቤ አወጡ። "አምናም የእሷን ነው የገዛሁት። 'ዘንድሮም ይምጡልኝ' ብላ የጻፈችልኝ ይኸው። ያ ባለባርኔጣ ደግሞ ተጫራች አይደለም፣ የልጆቹን ተራ የሚያስይዝ ሰው ነው።"

ደብዳቤውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

"እንመለሳለን። ትነግራቸዋለህ። ስለ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ እኔ አነጋግራቸዋለሁ።"

"እርስዎ ይንገሩልኝ ጋሼ። እንግሊዝኛዬ እኮ…"

"ለመሳል በቅቶሃል።"

ተመለስን። እሳቸው መኪና ውስጥ ቀሩ፤ "አብሬህ ከገባሁ ይቅርታው የኔ ይሆናል" ብለው። አዳራሹ ባዶ ነበር፣ ሰው ሁሉ ጨረታው ጋ ነው፤ የአጫራቹ ድምፅ ከሩቅ ይንጣጣል። ልጅቷ ባዶው ጉረኖ ውስጥ ባልዲዋ ላይ ተቀምጣለች። አባቷ ሲያየኝ ፈገግ ብሎ መጣ። "ምነው፣ ችግር አለ?"

አፌን ከፈትኩ። "ገመድ" አልኩ። "ገመድ ረስተን ነው።"

ልጅቷ ተነሥታ ከጣውላው ላይ የበጉን ማሰሪያ ፈታች። ሰማያዊ ነው፣ ራሷ የገመደችው። "ይሄን ለምዶታል" አለችኝ። "ሲያስለው ደግሞ ውሃውን ለብ አድርግለት።"

"እሺ" አልኩ።

መኪና ውስጥ ስገባ ጋሼ ፊቴን አዩት። "ነገርካቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"ምን አሉ?"

"ይቅር ብለውኛል። ገንዘብም አንፈልግም፣ በጉንም ውሰዱት አሉ።"

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ጨዋ ሰዎች ናቸው አላልኩህም?" አሉ። እስከ አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ድረስ ስለ እነሱ ደግነት ሲያወሩ መጡ። "አንተም ልጄ፣ ቀላል ነገር አይደለም ያደረግከው" አሉኝ። ይህችኛዋ ከአባትየው ምስጋና በላይ ነው የምታቃጥለኝ፤ ምክንያቱም ደስ ብሎኝ ነበር።

በጉን ለማኅበሩ ሳልሰጥ ለአንድ ታክሲ ነጂ ለበዓል ሸጥኩት። ማሰሪያውንም አብሬ ሰጠሁት።

በዓመቱ ጋሼ ብቻቸውን ሄዱ፣ እኔ ሱቅ ጠበቅኩ። ከሰዓት በኋላ ተመለሱ፣ ባዶ እጃቸውን። ኮታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"አባትየውን አገኘሁት" አሉ። "አምና ለልጄ ስላደረጋችሁት ይቅርታ ላመስግናችሁ አልኩት። 'የምን ይቅርታ?' አለኝ።"

ሚዛኑን መጥረግ ጀመርኩ። ንጹሕ ነበር።

"ልጅቷ ዘንድሮ በግ አልያዘችም። ታሞ ሳላየው ሮዴዮ ስመለከት አመሸሁ፣ እኔ ለእንስሳ አልሆንም አለች አሉ። አባትየው ሲነግረኝ አፍሬ መናገር አቃተኝ።" ከኪሳቸው ትንሽ ወረቀት አውጥተው ካዝናው ላይ አስቀመጡ። "ስልካቸው ነው። እኔ ልደውል እችላለሁ፤ ግን ነገሩ ከአንተ አፍ የወጣ ነው። ከአንተ አፍ ትስማው።"

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ፣ በር ሲከፍቱ፣ ገና ቁልፉ በሩ ላይ እያለ፣ "ደወልክ?" ይሉኝ ነበር። "ዛሬ እደውላለሁ ጋሼ።" "ደወልክ?" "አልተነሣም ጋሼ።" አልተነሣም ስል ስልኩን ነክቼው አላውቅም። እንግሊዝኛዬ ግን በየወሩ እየተሻሻለ ነበር፤ ሶ፣ እሱም ምክንያት መሆኑ ቀረ።

አንድ ሰኞ፣ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር፣ የምላቸውን አዘጋጅቼ ቆምኩ። ጋሼ ገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ "ምስሩ መጣ?" አሉኝ። መጥቷል አልኩ። ሌላ አልጠየቁኝም። በማግስቱም አልጠየቁኝም። "ልጄ" ማለቱም አብሮ ቀረ፤ በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። አላባረሩኝም። በበጋው ራሴ ለቀቅኩ።

ጋሼ አሁን ፌደራል ዌይ ከተማ፣ አንዲት አስታማሚ በምትመጣላቸው አፓርታማ ይኖራሉ። እሑድ እሑድ እሄዳለሁ፣ ብርቱካን እልጥላቸዋለሁ። እጄን ይዘው፣ "ሥራ እንዴት ነው?" ይሉኛል። ደህና ነው እላቸዋለሁ።  "ደወልክ?" ብለው ቢጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር። አይጠይቁኝም።

ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።

ልጅቷ ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። በጓ ታሞ እንደነበር፣ እሷም ጥላው ሄዳ ሳትሰማው እንደቀረች ታምናለች። በጉን አላሳለውም። አልደወልኩም።