ቅርፊቱ ሳይራገፍ

ወታደሮች ከማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ይዘው የወሰዱኝ ማክሰኞ ነው። ጎንደር ዳር፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ፤ አሥራ ስምንት ሆንን። መጀመሪያ ያየሁት ወረፋ ነው፣ ለአንድ ኩባያ ውኃ። የግቢው የብረት ታንከር ከሥሩ ተሰንጥቆ የሞላው ሁሉ ይፈስሳል።

አጠገቤ የሚተኙት አዛውንት የማክሰኝት በያጅ ናቸው። አያ እንላቸዋለን። እሁድ ልጃቸውን ሊድሩ ነበር።

ዓርብ ጠዋት የእስር ቤቱ አዛዥ መጣ። "አባባ፣ ታንከሩን እስከ ቀትር ከጠገኑልኝ መፈቻዎን ፈርሜ በራሴ መኪና ማክሰኝት አደርስዎታለሁ። እኔ ከሄድኩ ግን የሚፈርም የለም።"

አያ እኔን ለረዳትነት መረጡ። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ብየዳ ግን ላዩን መለጠፍ ይመስለኝ ነበር፣ ጉድ እኮ ነው! ስንጥቁን በግራይንደር ሰያፍ አድርገው ሲያሰፉት ደነገጥኩ።

"ምነው አባሱት አያ?"

"ወፍራም ብረት ላዩን ብቻ ከያዝከው ሆዱ ባዶ ነው። ከሥር እየሞላህ ነው የምትወጣ።"

አንድ መስመር በየዱ፤ ሸጋ ነበር። አለቀ ስል በመዶሻ ይቀጠቅጡት ጀመር። ጥቁር ቅርፊት ተፈርፍሮ ወደቀ፣ ከሥሩ የሚያበራ ብረት ወጣ። በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ደግመው በየዱ። ደግሞ መዶሻ። ቅርፊቱ ውስጥ ከቀረ ብረቱ ከዚያው ይሰነጠቃል አሉኝ።

ስድስት ሰዓት ሲቃረብ አዛዡ የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ መጣ።

"ያምራል አባባ፣ ይበቃል። ቀለም ቀብተነው እንሂድ።"

አያ መኪናውን አዩ፤ ወረፋውን አዩ።

"ይሂዱ እንጂ፣ ልጅዎ ናት!" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ገና ግማሽ ነው መምህር። እናንተ እዚሁ ናችሁ።" መዶሻውን አነሱ።

መኪናው ያለ እሳቸው ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረሱ። ታንከሩ ሲሞላ መዳፋቸውን ከሥሩ አሳልፈው አሳዩኝ። ደረቅ ነበር። ያኔ አለቀሱ፤ እኔም አላስቻለኝም።

እሁድ፣ ሙሽራዋ በምትወጣበት ሰዓት፣ አሥራ ሰባት ወንዶች እልል አልንላቸው። የወንድ ጉሮሮ ለእልልታ አይመች፣ አህያ ይመስል አናፋን! አያ እየሳቁ ተነሡ። ኩባያውን እየሞሉ ለእያንዳንዳችን አዞሩ።

"ጠጡልኝ" አሉ፣ "በሞቴ ጠጡልኝ።"

እሳቸው የተፈቱት ከሁለት ወር በኋላ ነው። አምና የግቢዬን በር ሳሠራ በያጁን ቅርፊቱን አራግፎት እንደሆነ ጠየቅሁት።

"መምህር፣ ይህ እኮ በር ነው፤ ውኃ አይያዝበትም" ብሎ ሳቀብኝ።

"ግድ የለም" አልኩት፣ "አራግፈው።"